ያልተቃጠለው እግሬ

የተቃጠለው ደረቴ፣ ሆዴና ሁለት እጆቼ ናቸው። ሊገድለኝ የነበረው ግን አንድ ጠብታ ፍል ውሃ ያልነካው ቀኝ እግሬ ነው። ይህን ስናገር ሰው «ቀልድህን ተው» ይለኛል። ለእያንዳንዱ ከማስረዳ አንዴ ጽፌ ልገላገል ብዬ ነው። ከባድ ቃጠሎ የደረሰበት ሰው ቤታችሁ ተኝቶ ከሆነ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ፤ ከሁሉ በላይ የምጽፈው ለእናንተ ነው።

ስሜ ደሳለኝ ነው። ከአዲሱ ገበያ ሱሉልታ ሚኒባስ እነዳለሁ። መስመሩን የሚያውቅ ሰው ዳገቱንም ያውቀዋል፤ አሮጌ ሞተር እዚያ ላይ ትዕግሥቱ ያልቃል። የዚያን ቀንም መኪናዬ ሙሉ ሰው ጭና ዳገቱን ስታጋምስ የሙቀት መለኪያው ቀይ ገባ። ጥግ ይዤ አቆምኩ። የእኛ ሚኒባስ ሞተር ያለው ከጋቢናው ወንበር ሥር ነው። ተሳፋሪ አስወርጄ፣ ወንበሩን ገልብጬ፣ የራዲያተሩን ክዳን በጨርቅ ይዤ ጠመዘዝኩት። ሞተሩ እስኪበርድ መጠበቅ እንዳለበት የማያውቅ ሹፌር የለም። ተሳፋሪ «ረፈደብን እኮ» ማለት ሲጀምር ግን የሚጠብቅ ሹፌር እምብዛም አላየሁም።

ውሃው ገንፍሎ ደረቴ ላይ ወጣ። መጮህ አለመጮሄን አላስታውስም። የማስታውሰው ሰው ሁሉ ባንዴ ሐኪም መሆኑን ነው። አንዱ የጥርስ ሳሙና ፈልጉ ይላል፣ አንዷ እንቁላል ትላለች። ሱሉልታ ለልምምድ የምትሄድ አንዲት ቀጭን ሯጭ ግን ሁሉንም ገፍታ መጣችና የያዘችውን ውሃ አፈሰሰችብኝ። ከዚያ የተሳፋሪውን ውሃ ሁሉ እየቀማች ታፈስስ ጀመር። «ምንም እንዳትቀቡት! ውሃ ብቻ!» ትላለች። ስሟን ሳልጠይቃት ቀረሁ፤ በዚያ መስመር ሯጭ ባየሁ ቁጥር ግን እሷ መሆኗን አለመሆኗን ሳላጣራ አላልፍም።

አዲስ አበባ ሆስፒታል የቃጠሎ ክፍል ገባሁ። ስለ ፋሻ መቀየር አልጽፍም፤ ያየው ያውቀዋል፣ ያላየው አይየው። እጆቼ በመቃጠላቸው ለግሉኮስ የሚሆን ደም ሥር ጠፋና በቀኝ ብሽሽቴ በኩል ቱቦ አስገቡልኝ። በኋላም ከቀኝ ጭኔ ላይ ስስ ቆዳ ልጠው ደረቴ ላይ ተከሉ። በየቀኑ ግራ ጭኔ ላይ ትንሽ መርፌ እወጋ ነበር። ለምን እንደሆነ ስጠይቅ ሲስተር ሐና «ደምህ እንዳይረጋ ነው» አለችኝ። ደም የሚረጋው መሬት ላይ ሲፈስ ብቻ ይመስለኝ ስለነበር አልገባኝም። ሕመም ማስታገሻ ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ።

ሲስተር ሐና አጭር፣ ድምፀ ወፍራም፣ ተኝቶ የሚውል ሰው የማትወድ ነርስ ነበረች። ከአልጋዬ አጠገብ የቡራዩ ሰው ነበር፤ ብየዳ ሲሠራ ኤሌክትሪክ ያቃጠለው። ጠዋት ጠዋት መጥታ «ሹፌሩ ተነስ! በየዳው ተነስ! መናኸሪያ ነው እንዴ ተኝታችሁ የምትውሉት?» ትለናለች። አንዱን የኮሪደር ጫፍ ቡራዩ፣ ሌላውን ሱሉልታ ብለን ሰየምንና እያቃሰትን እንመላለስ ጀመር። ጠያቂዎቻችን ሊደግፉን ግራና ቀኝ ሲይዙን «ትርፍ መጫን ክልክል ነው፣ በራሳቸው ይሂዱ!» ትላለች። እየሳቅን እንጠላት ነበር፤ ሳቁም ቁስላችንን ያመን ነበር።

የምወጣ ቀን ባለቤቴን ጫልቱን ጥግ ወስዳ ረጅም ምክር መከረቻት። እኔ ወሬውን በግማሽ ጆሮ ነው የሰማሁት፤ ልቤ ቤት ገብቷል። በየቀኑ ይራመድ፣ ብዙ ውሃ ይጠጣ። አንድ እግሩ ብቻ ካበጠ፣ ወይም ትንፋሽ ካጠረው በዚያው ቀን ይዘሽው ነይ። ያበጠውን እግር ደግሞ ማንም እንዳያሸው። ጫልቱ ራሷን እየነቀነቀች ሰማች።

ሱሉልታ የተከራየናት ቤት ለብርዱ አትሆንም፤ ጫልቱም አዲስ አበባ ካፌ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ስለሆነች ቀን ቀን የለችም። ስለዚህ ማገገሚያዬ ሰበታ ዳር፣ የአማቶቼ ቤት ሆነ። እሷም ከዚያው ትመላለስ ጀመር። አማቴ ኦቦ ቶሎሳ ገበሬ ናቸው፣ ወጌሻም ናቸው። ከሰበታ እስከ ዓለም ገና እጁ የተሰበረ፣ ቁርጭምጭሚቱ ወለም ያለው ሁሉ በሳቸው እጅ አልፏል። ልጃቸውን ሲሰጡኝ እንኳን መጀመሪያ ያዩት ትከሻዬን ነው ብላ ጫልቱ ትቀልድብኛለች።

ችግሬ የጀመረው ከፍቅር ነው። በእኛ ዘንድ በሽተኛ የሚጠየቀው ተኝቶ ነው። ከአልጋ ስነሳ ሴቷ አማቴ፣ የጫልቱ እናት፣ «ኧረ በማርያም! ቁስሉ ይከፈትብሃል!» ብላ ትጮሃለች። ውሃው አልጋ ድረስ ይመጣል፣ ምግቡ አልጋ ድረስ ይመጣል። ከእኔ የሚጠበቀው ማቃሰት ብቻ ነበር። ጎረቤት ዳቦና ወተት ይዞ ሲመጣ ግቢ ውስጥ ስንጎራደድ ብገኝ ምን ሊባል ነው? ጫልቱ ማታ ስትመለስ «ተራመድክ?» ትለኛለች፤ «ትንሽ» እላታለሁ። ትንሽ ማለት እስከ ሽንት ቤት ነው።

አንድ ቀን ቀኝ ባቴ ከበደኝ። በማግስቱ የካልሲው ጫፍ ያረፈበት ቦታ ላይ ጎድጎድ ያለ መስመር ወጣ። ከዚያ እግሬ አበጠ፣ ሞቀ፣ ቆዳው ተወጠረና ማብረቅረቅ ጀመረ። ግራው ምንም አልሆነም። ጠያቂ በሙሉ መልስ ነበረው። አንዱ ብርድ ነው አለ፣ ሌላዋ ምች ናት አለች፣ ሌላው «መተኛት ስላበዛህ ነው፣ ይሄዳል» አለ። የመጨረሻው ለእውነት ቀርቦ ነበር፤ ግን እሱም ነገሩን ቀለል አድርጎ ነበር ያየው።

ሰፈራችን ወዳለ ክሊኒክ በባጃጅ ሄድን። መጠበቂያው አግዳሚ ላይ የተቀመጠው ሰው ፋሻዬን ሲያይ ተነስቶ ቦታ ለቀቀልኝ፣ ተራውንም ሰጠኝ። እግሬን ከፍ አድርጌ እንዳስቀምጥ አንድ አባት ከዘራቸውን ከሥር ደገፉልኝ። የመረመረኝ ባለሙያ ቆዳ የተወሰደበትን የጭኔን ቁስል አየና «ኢንፌክሽን ገብቶበታል፣ እብጠቱ ከዚህ የወረደ ነው» አለ። አልፈርድበትም፤ ቁስሉ ዓይን ይስባል። የኢንፌክሽን መድኃኒትና ማስታገሻ ይዤ ተመለስኩ። ምክንያቱ በመታወቁ ሁላችንም ደስ አለን። ጫልቱም «ኢንፌክሽን ከሆነማ ጥሩ፣ መድኃኒት አለው» ብላ ተጽናናች።

መድኃኒቱ ግን እብጠቱን አልነካውም። ያኔ ኦቦ ቶሎሳ መጡ። ለጋ ቅቤ በመዳፋቸው አሙቀው እግሬ ሥር ተቀመጡ። «ኢልማ ኮ፣ ጅማት ነው የተቋጠረው። እኔ አለሁልህ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። እንዲህ ያለ ሰው እጁን ሲዘረጋልህ አይሆንም አይባልም፤ ያውም አማትህ፣ ያውም ጎጆውን ለቆልህ። ከቁርጭምጭሚቴ እስከ ጉልበቴ ወደ ላይ አሹኝ። ደግሞ ደስ ይል ነበር፣ አልዋሽም። ውጥረቱ ላላ፣ እንቅልፍ ወሰደኝ።

በማግስቱ ስነሳ ትንፋሽ ስስብ ቀኝ ጎኔን የሆነ ነገር ወጋኝ። ከአልጋ ወደ በር ስሄድ ዳገት የወጣሁ ያህል ደከመኝ። ለማንም አልነገርኩም። ብናገር «እጃቸው ነው ያመጣው» ማለት ይመስላል ብዬ ፈራሁ። የወንድ አማት እንዲህ ነው የሚታፈረው።

የዚያን ቀን ጫልቱ ከሥራ ቀደም ብላ መጣች። ኦቦ ቶሎሳም ቅቤያቸውን ይዘው ገብተው «ትናንት ቀለል አለህ፣ አይደል?» ይሉኛል። «አዎ አባባ፣ ትናንት...» ብዬ ቆምኩ። አየር ሳብኩና «...ትናንት ደህና...» ብዬ እንደገና ቆምኩ። በሩ ላይ የቆመችው ጫልቱ ቦርሳዋ ከእጇ ወደቀ። ወሬ ጀምሬ የማልጨርስ ሰው እንዳልሆንኩ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። የአባቷ እጅ ባቴን ሊነካ አንድ ጣት ሲቀረው ጮኸች።

«አባ፣ ላኪ!»

ላኪ ማለት አይሆንም፣ ተው ማለት ነው። በዚያ ቤት ሴት ልጅ ለአባቷ እንዲህ ብላ አታውቅም። የኦቦ ቶሎሳ እጅ ቅቤ እንደተቀባ አየር ላይ ቀረ።

«ምን አልሽ?» አሏት።

«አይነኩት አባ። ነርሷ ነግራኝ ነበር። አንድ እግር ካበጠ አይታሽም ብላኝ ነበር። ኢንፌክሽን ነው ሲሉኝ ተዘናጋሁ። ትንፋሹን አይሰሙትም? ደም ረግቶበት ይሆናል።»

«ይሄ እጅ ስንቱን አቁሞ አስኬደ። ለገዛ ልጄ ባል መርዝ ሆነ?»

«እጅዎን አልናቅኩም። ግን ይሄ ስብራት አይደለም» አለች። እያለቀሰች ነበር፤ ግን በእኔና በሳቸው መሃል እንደቆመች አልተነቃነቀችም።

ኦቦ ቶሎሳ ቅቤውን በሣር ጠርገው ወጡ። ባጃጅ ተጠርታ ስወጣ ከበረቱ አጠገብ ጀርባቸውን ሰጥተውን ቆመው ነበር። አማቴ እያለቀሰች ነጠላዋን እግሬ ላይ ጣለች። አስፋልቱ ላይ ኮንትራት ታክሲ ይዘን የጅማን መንገድ ወደ አዲስ አበባ ተያያዝነው። ዕድሜ ልኬን «ቶሎ ንዳው» በሚል ተሳፋሪ ሳማርር ኖሬ፣ ያን ቀን እኔው ስል ዋልኩ።

ድንገተኛ ክፍል ኦክስጅን አደረጉልኝና አልትራሳውንድ ክፍል ወሰዱኝ። ወጣቱ ዶክተር ቀዝቃዛ ጄል ቀብቶ በመሣሪያው ግራ እግሬን ጫን አደረገ። «እየው፣ ጤነኛ ደም ሥር ሲጫኑት ይተኛል» አለኝ። ቀኙን ተጫነ። ስክሪኑ ላይ ያለችው ክብ ነገር ንቅንቅ አላለችም። «ይሄ አይተኛም። ውስጡ የረጋ ደም አለ» አለ። ከዚያ የደረት ሲቲ ስካን አዘዘ።

ሲቲውን ስጠብቅ ኮሪደር ላይ፣ በተሽከርካሪ አልጋ ላይ ተኝቼ ነበር፤ ያኔ ፈራሁ። ራዲያተሩ ሲገነፍል አልፈራሁም፣ ጊዜ አልነበረኝም። እዚህ ግን መፍሪያ ጊዜ ተርፎኝ ነበር። ሰው ይመጣል፣ ሰው ይሄዳል፣ የጣሪያውን መብራት አያለሁ። ጫልቱ ወረቀት ልታስፈርም ሄዳ ነበር። የራሷን ልጅ ውጤት የምትጠብቅ አንዲት የማላውቃት እናት ጠጋ ብላ ጫማ ያላደረገ እግሬን በሁለት እጇ ያዘች፤ ጤነኛውን። ስሜ እስኪጠራ ድረስ አልለቀቀችኝም።

ከረጋው ደም ቁርጥራጭ ተነስቶ ሳንባዬ ደርሷል። ደግነቱ ትንንሽ ነበር። ዶክተሩ ነገሩን እንዲህ አስረዳኝ። ሰውነት ክፉኛ ሲቃጠል ደም ፈሶ እንዳያልቅ ይደነግጥና የማርጊያ ኃይሉን ሁሉ ያወጣል፤ ቁስሉ ሲደርቅም ድንጋጤው ቶሎ አይበርድለትም። በቃጠሎው ብዙ ውሃ ይወጣል፣ ደም ይወፍራል። በዚያ ላይ ብሽሽቴ ቱቦ ገብቶበት ነበር። በዚያ ላይ ደግሞ ተኝቼ ዋልኩ፤ እግር ካልተንቀሳቀሰ ባት ደሙን ወደ ላይ አይገፋውም።

«ዶክተር፣ መኪና እነዳለሁ?» አልኩት።

«መጀመሪያ ተንፍስ» አለኝ።

በማግስቱ ቀን ኦቦ ቶሎሳ ሆስፒታል መጡ። የበዓል ኮታቸውን ለብሰው፣ በፔርሙዝ ወተት ይዘው። ሰላም ብለውኝ ተቀመጡ፤ ጫልቱን ግን ቀና ብለው አላዩዋትም። ዶክተሩ ሲገባ ባርኔጣቸውን አውልቀው ተነሱ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። ይህን ያመጣው እጄ ነው?»

ዶክተሩ ቶሎ አልመለሰም፣ ለዚህ አከብረዋለሁ። «አባባ፣ ደሙ የረጋው ሳይነኩት በፊት ነው። እግሩ ያበጠው ለዚያ ነው። ሲታሽ ግን ሊነቀል ይችላል። በማሸትዎ ይነቀል፣ በራሱ ይነቀል፣ እኔም አላውቅም፤ ማንም ሊያውቅ አይችልም» አላቸው።

ኦቦ ቶሎሳ እጆቻቸውን አገላብጠው አዩ። ሲያለቅሱ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ አፍንጫቸውን ጠርገው «እሺ። እንዴት ነው የምለየው? አሳየኝ» አሉት።

ዶክተሩም ወንበር ስቦ አሳያቸው። ሳይወድቅ፣ ሳይጠመዘዝ አንድ እግር ብቻ ካበጠ፤ ከሞቀ፤ ሰውየው በቅርቡ ታሞ የተኛ፣ ቀዶ ጥገና የተደረገለት ከሆነ፣ ወይም ሴት ሆና በቅርቡ የወለደች ከሆነች፣ እጅዎን ይሰብስቡ አላቸው። እሳቸውም በእጃቸው ጀርባ፣ ሳይጫኑ፣ መጀመሪያ ግራ ባቴን፣ ቀጥሎ ቀኙን ዳሰሱ። ሲወጡ ጫልቱን ግንባሯ ላይ ሳሟት።

ሆስፒታል ከሰጡኝ መርፌ ቀጥሎ ሰው ደም ማቅጠኛ የሚለውን ክኒን ጀመርኩ። ዶክተሩ እንደሚለው ደሙን አያቀጥነውም፣ እንዳይረጋ ብቻ ያግዘዋል፤ ልኩን ለማወቅ ግን በየጊዜው ደም መመርመር ግድ ነው። ጥቂት ቆይቶ ውጤቴ ወረደ። መድኃኒት አዛብተሃል ተባልኩ፤ አላዛባሁም። «ምን ትበላለህ?» ሲሉኝ ነው የተያዝኩት። ጾም ገብቷል፣ አማቴ ደግሞ «ደም ይሆንለታል» ብላ የጓሮዋን ጎመን ጠዋትና ማታ ታበላኛለች። ለካ ጎመን ከዚህ ክኒን ጋር ይጣላል። ብላው፣ ግን መጠኑ ከቀን ቀን አይለዋወጥ ተባልኩ። አማቴ እስካሁን ሐኪሞቹ ጎመኗን የናቁ ይመስላታል።

አሁን ክኒኑንም በሐኪም ፈቃድ አቁሜያለሁ። ደረቴ የተዥጎረጎረ ነው፣ በብርድ ጊዜ ይሳሳብብኛል። እግሬ ደህና ነው። እዚያው መስመር ላይ፣ እዚያችው መኪና ላይ ነኝ። ሞተሯ ከሞቀ ክዳኑን አልነካም፤ የረፈደበት ሰው በእግሩ ይሂድ። ተራ ስጠብቅም ወንበር ላይ ተገትሬ አልውልም፣ መኪናዬን እዞራለሁ። ጓደኞቼ «ጎማ የሚሰርቅህ አለ እንዴ?» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ።

አንድ እሁድ ሰበታ ለጥየቃ ሄደን ነበር። ጎረቤት ያለች አራስ አንድ እግሯ አብጦ ኖሮ አማቷ ኦቦ ቶሎሳን ልትጠራ መጣች። አራሷ ዛሬ ልጇን አዝላ ገበያ እንደምትሄድ ቀድሜ ልንገራችሁ፣ እንዳትጨነቁ። ያኔ ግን ማንም አላወቀም። እኔም ተከትያቸው ሄድኩ። ኦቦ ቶሎሳ ተንበርክከው በእጃቸው ጀርባ አንዱን ባት ዳሰሱ፣ ሌላውን ዳሰሱ። የቀረበላቸውን ቅቤ በክንዳቸው ገፋ አደረጉት።

«ደሳለኝ፣ መኪናህን አስነሳ» አሉኝ።

የአራሷ አማት በሩ ላይ ተገተረች። «ልጁ ክርስትና ሳይነሳ አራስ ከቤት አትወጣም! እርስዎ ብቻ አንድ ጊዜ አሸት ያድርጉላት!»

«ላኪ!» አሉ ኦቦ ቶሎሳ።

ከኋላዬ የቆመችው ጫልቱ አፏን በእጇ ያዘች። አራሷን ሕፃኗን እንዳቀፈች በጋቢ ጠቅልለን መኪና ውስጥ አስገባናት። ሽማግሌው ጋቢና ከጎኔ ወጥተው በሩን ዘጉና ሁለት እጆቻቸውን ጭናቸው ላይ አሳረፉ።

«ንዳ፣ ኢልማ ኮ» አሉኝ።

በቀኝ እግሬ ነዳጁን ረገጥኩት።